ቀዝቃዛ ናት ያልኳት ሴት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ፆም ሁሉ ስናዘዝ ይህችን አንዷን ዘልያት እነሳለሁ። ለምን እንደምዘላት ራሴን ጠይቄ መልሱን ሳገኘው አፈርኩ። ለካ ኃጢአት አይመስለኝም ኖሯል። ሙያዬ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። እንድታጽናኑኝ አይደለም። «ወጣት ነበርሽ፣ ምን ታውቂ ነበር» ሊለኝ ያሰበ ካለ ከወዲሁ ይተወኝ። አውቅ ነበር። የዚህ ሁሉ መራራው ይኸው ነው፤ አውቅ ነበር።

አስቴር እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሐረር ነው፤ ከግንቡ ውጪ፣ ከሸዋ በር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ቅድመ አያቶቼ መጥተው በሰፈሩበት ግቢ ውስጥ። የማስተምረው ስነ ልቦና ነው። ከምሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ «የስብዕና ንድፈ ሐሳቦች» ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ጥያቄው የሁላችንም ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ንድፈ ሐሳብ ምክንያቱን ልጅነት ውስጥ ይፈልጋል። ሌላው ከዘር የመጣ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሰውን በጥቂት ሚዛኖች ላይ ያስቀምጥና ይህ ተጫዋች፣ ያ ዝምተኛ፣ ይህቺ ስሜቷ ቅርብ፣ ያቺ ስሜቷ ሩቅ ብሎ ይመድባል። እኔ ገና ተመርቄ ስመጣ የሚጥመኝ ይህ የመጨረሻው ነበር። ቶሎ ያልቃላ! ሰውን አንዴ አየት አድርጎ ስም መስጠት እንዴት እንደሚያሰክር የቀመሰው ያውቀዋል። ሠርግ ቤት ገብቼ ሙሽራውን እመድባለሁ። ታክሲ ተሳፍሬ ሾፌሩን እመድባለሁ። እናቴን ሳይቀር መድቤያት «እኔን እንኳ ተይኝ ልጄ» ብላ ስቃብኛለች።

ኑሪያን የመደብኳት ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም።

ኑሪያ ጓደኛዬ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠናል። ቤቷ ከግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል ነው፤ ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ፣ ግድግዳው ሙሉ በሰሃንና በሙዳይ የተሸፈነ የድሮ ቤት። በዚያ ቤት መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ትልቅ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ልጅ የት እንደሚቀመጥ ከቤቴ ይልቅ እዚያ ነው የተማርኩት። ኑሪያ ትምህርቱን አልገፋችበትም፤ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መደዳ የአባቷን የጨርቅ ሱቅ ያዘች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ስመለስ ያው እንደ ድሮው ሱቋ ቁጭ ብለን ስናወራ እንውላለን።

ታናሽ እህቷ ሰሚራ ነርስ ነበረች። ሶፊ ገጠር ተመድባ ስለነበር ሳምንቱን እዚያ ትከርማለች። ባሏ በሕመም የሞተው ልጃቸው ኢማን ገና ስትድህ ነው። ስለዚህ ኢማንን ያጠባቻት ሰሚራ ብትሆን እንኳ ያሳደገቻት ኑሪያ ናት። ልጅቷም ይህንን ታውቃለች፤ ሰሚራን በስሟ እየጠራች ኑሪያን «አይ» ትላት ነበር። በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ሰሚራ እየሳቀች «እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» ትል ነበር፤ ኑሪያ ደግሞ ልጅቷን ቆጣ ብላ «እናትሽ እኮ እሷ ናት!» ትላለች። ኢማን ትሰማና መልሳ «አይ» ብላ ጭኗ ላይ ትወጣለች።

ከዚያ ሰሚራ የተሳፈረችበት መኪና ከሶፊ ሲመለስ ተገለበጠ። ኢማን ያኔ አምስት ዓመት አልሞላትም።

እኔ ወሬውን እንደ ሰማሁ ሮጬ ሄድኩ። ከመንገዱ ጀምሬ ኡኡ እያልኩ፣ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። እኛ ዘንድ ለቅሶ እንደዚያ ነው፤ ድምፁ ያልተሰማ ሰው እንደ መጣ አይቆጠርም። ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። ሁሉም ዝም ብለው ወይ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ወይ መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የእኔ ድምፅ ብቻ በዚያ ቤት ጮኸ። ኑሪያ ከመደቡ ወርዳ መጣችና ሁለት እጄን ያዘች። «አስቱዬ፣ ሶብር አድርጊ። የአላህ ውሳኔ ነው። ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ከዚያ ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠችና የተኛችውን ኢማንን ጭኗ ላይ አመቻቸቻት። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ሶብር፣ ሐዘንን በትዕግሥት መያዝ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ! ልጆች ሳለን የኑሪያ አያት ሲሞቱ እናቷ ይዘውኝ «ልጄ፣ እኛ ሟችን የምንሸኘው በዱዓ ነው እንጂ በጩኸት አይደለም፤ ማልቀስ ቢያምርሽ ዝም ብለሽ አልቅሺ፣ እንባ ወንጀል የለውም» ብለውኛል። ሐረር ተወልዶ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን ካለ ጆሮ የለውም ማለት ነው። እኔ ጆሮ ነበረኝ።

ታዲያ ምን ነካኝ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። አዎ፣ በለቅሶ ቤት ተናደድኩ! እኔ አጽናኝ ልሆን ነበር የመጣሁት። ስለ ሐዘን ስንት ምዕራፍ አንብቤ፣ የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ተምሬ፣ ኑሪያ አንገቴ ላይ ወድቃ ስታለቅስ እንዴት እንደምደግፋት በሐሳቤ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን አልወደቀችም። እኔን አጽናናችኝ። በሴቶቹ ፊት እንደ ሕፃን ፊቴን ጠረገችልኝ። በቀጣዮቹ ቀናትም እየሄድኩ አጠገቧ ተቀምጬ እንባዋን ስጠብቅ ዋልኩ። እሷ «ምሳ በልተሻል?» ትለኛለች። «ያ ጨጓራሽ ተሻለሽ?» ትለኛለች። እህቷ ሞታባት ስለ ጨጓራዬ ትጠይቀኛለች! እኔም ከዚያ ቤት ወጥቼ በሸዋ በር በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ ስም አወጣሁላት። ቀዝቃዛ።

ይህን በልቤ ብይዘው ኖሮ ያው ክፉ ሐሳብ ሆኖ ይቀር ነበር። አልያዝኩትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አው ዩሱፍ ቤቴ መጡ። የኑሪያ ሰፈር ሽማግሌ ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው ሰው። ገብተው እስኪቀመጡ እንኳ አልጠበቁም። «ልጄ፣ ከባድ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «የኢማን አጎት ከድሬ መጥቷል። የወንድሜን ልጅ ልውሰድ ይላል። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ነግዶ ያድራል። ኑሪያ ደግሞ ብቻዋን ናት። እሱስ ይሁን፤ እኛ ልጅቷ ካሳደገቻት ጋር ትሁን ወደ ማለቱ ነበርን። ግን አጎትየው ምን አለ መሰለሽ፣ እህቷ ሞታባት አንድ ዘለላ እንባ አላየንባትም፣ ልቧ ድንጋይ ነው፣ ለልጅ አትሆንም አለ። ሰዉም ይህን ሰምቶ ተከፋፈለ። እኔ ሶብር ነው እላለሁ። ግን ሽማግሌ ነኝ፣ አንቺ የሰውን ባህርይ የተማርሽ ነሽ። ከልጅነትሽም ታውቂያታለሽ። ወላሂ፣ አንቺ ያልሽውን እይዛለሁ።»

አያችሁ? መልሱን ይዘውልኝ ነበር የመጡት። ሶብር ነው አሉኝ። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር፤ አዎ። አዎ ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ነው ዛሬም የምቃጠለው።

«አው ዩሱፍ» አልኳቸው፣ ያን የመምህር ድምፄን አውጥቼ፣ «ሶብር ሌላ ነው፣ ይሄ ባህርይ ነው። ኑሪያ ከተፈጥሮዋ ቀዝቃዛ ናት። እንደዚህ ያለ ሰው ክፉ አይደለም፤ ግን ስሜቷ ሩቅ ነው፣ ልጅ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል።»

«አይለወጥም?» አሉኝ።

«ባህርይ አይለወጥም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ጉቦ አልሰጠኝም። እኔ፣ በዚያ ቤት እጄን ታጥቤ ስንት ጊዜ የበላሁት፣ እኔ ነኝ ያልኩት። አው ዩሱፍ ከዘራቸውን እያዩ «አላህ ያውቃል» አሉና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ተከትያቸው ወጣሁና ሌላም ነገር ጨመርኩ፦ «ከእኔ እንደሰሙት አይናገሩብኝ።» እሳቸውም «አማና ነው ልጄ፣ ከእኔ አይወጣም» አሉኝ። ቃላቸውን ጠብቀው ሞቱ። ሙያዬ ነው የምለው ነገር ንጹሕ ከነበረ ለምን ደብቁልኝ አልኩ? እስኪ ንገሩኝ፣ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት ደብቁልኝ ይላል?

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አው ዩሱፍ የሰው ባህርይ የሚያውቅ ሰው ጠይቄያለሁ አሉ። ኢማን ለአጎቷ ተሰጠች።

ኑሪያ አልተከራከረችም ማለት አልችልም። እግራቸው ላይ ወድቃ ለምናለች አሉ። ግን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ሳታለቅስ ለመነች፤ ያም በእኔ ቃል ተተረጎመባት። ተመልከቱ እንግዲህ፣ አንዴ ስም ከወጣላችሁ የምታደርጉት ሁሉ ለስሙ ማስረጃ ይሆናል። ብትለምኑ በቀዝቃዛነት ነው። ዝም ብትሉ በቀዝቃዛነት ነው።

ኢማን የሄደች ቀን መኪና መሳፈሪያው ድረስ ከኑሪያ ጋር ሄድኩ። ኑሪያ የልጅቷን ሹራብ ቆለፈችላት፣ ሻሿን አስተካከለችላት፣ «አጎትሽን አታስቸግሪ» አለቻት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ኢማን መስኮቱን በእጇ እየመታች «አይ! አይ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷ መኪናው እስኪታጠፍ ተሰማ። ኑሪያ ቆማ አየች። አላለቀሰችም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? «ትክክል ነበርኩ» ብዬ አሰብኩ። የልጅቷ ጩኸት ገና ጆሮዬ ውስጥ እያለ ትክክል ነበርኩ ብዬ ረካሁ። አፌ ቁርጥ ይበል!

እዚህ ላይ ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ኑሪያ ሳታየኝ ገብቼ፣ ጓዳ ውስጥ የልጅቷን ልብስ አቅፋ ስታለቅስ አግኝቻት፣ ያኔ ስህተቴ ገባኝ እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። እንደዚያ ያለ ነገር የለም። አላየኋትም። ታልቅስ አታልቅስ አላውቅም። ደግሞስ ለምን ታሳየናለች? አንዲት እናት ልጇን እንደምትወድ ለማመን እንባዋን በጣሳ መቀበል አለብን? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ ኑሪያን ነፃ ለማውጣት የተደበቀ ለቅሶ የምትፈልጉ ከሆነ ከእኔ በምን ተሻላችሁ?

ያየሁትን ልንገራችሁ። ኑሪያ ሱቋን እየዘጋች ድሬዳዋ ትወርድ ነበር። ኢማን የምትወደውን ሙሸበክ ገዝታ፣ ጣፋጩ እንዳይሰባበር እቅፏ ላይ ይዛ፣ በሚኒባስ ትሄዳለች። የአጎትየው ሚስት መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ትቀበላት ነበር። ቆይቶ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትረበሻለች፣ ብትቀሪ ይሻላል አለቻት። ኑሪያ ለልጅቷ ብላ ቀነሰች። ስትቀንስ ደግሞ ኢማን ለምን ቀረች ብላ ጠየቀች፤ ምን ተባለች? አክስትሽ እንደዚህ ናት፣ ከተፈጥሮዋ ስሜት የላትም፣ አዋቂ ሰዎች ናቸው የመሰከሩት ተባለች። አጎትየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጅቷን እንዳትጎዳ ብሎ ነው። የእኔ ቃል ከስሜ ተለይቶ ድሬዳዋ ድረስ ወርዶ በአንዲት ሕፃን ጆሮ ገባ።

በዚያው ዓመት ክፍል ገብቼ ሌላውን ምዕራፍ አስተማርኩ። የስብዕና ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት ራሳቸው ሲከራከሩበት የኖሩት ነገር አለ፤ ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው ባህርይው ስለሆነ ነው ወይስ ያለበት ቦታ ስለሚጠይቀው? መስጊድ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ዝምተኛ ነው? ሠርግ ላይ የጨፈረ ሁሉ ተጫዋች ነው? ይህንን በጥሩ ምሳሌ፣ በጥሩ አማርኛ አስተማርኩ። ፈተናም አወጣሁበት፤ ሰውን በአንድ ቦታ ባሳየው ጠባይ ብቻ መመደብ ለምን ያሳስታል የሚል። ተማሪዎቼ አሳምረው መለሱ። እኔም ጎበዝ እያልኩ አረምኩ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ የራሴን ወንጀል ሌሎች በትክክል ሲያብራሩት፣ ጎበዝ እላለሁ! ንድፈ ሐሳቡ ነው ያሳሳተኝ እንዳልል ይኸው ንድፈ ሐሳቡ መልሱን ይዟል። ከሁለቱ የመረጥኩት ቁጣዬን የሚያስከብርልኝን ነበር።

ዛሬ ደግሞ አገሩ ሁሉ እንደ እኔ ሆኗል። በየሆቴሉ አዳራሽ «ራስህን እወቅ» እየተባለ ሰው በአራት ቀለም ተከፍሎ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይወጣል። እናት የስድስት ዓመት ልጇን «እሷ ኢንትሮቨርት ናት፣ ሰው አትቀርብም» ብላ ታስተዋውቀኛለች፤ ልጅቷም ሰምታ አንገቷን ትደፋለች። እኔን ለእንደዚህ ያለው ስልጠና ይጠሩኛል፤ እንቢ ስል ሥራ የጠላሁ ይመስላቸዋል። ልጆቹን ተዉአቸው ብዬ መጮህ ያምረኛል። ግን በምን አፌ?

ዘንድሮ ኢማን ድሬዳዋ ተሞሸረች። ኑሪያ «አስቱ፣ አብረን እንሂድ፣ አንቺም እኮ አሳድገሻታል» አለችኝ። ሄድኩ። ኑሪያ ለሠርጉ ብላ ያሰፋችውን ልብስ ለብሳለች፣ የእናቷን ወርቅ አድርጋለች፤ እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም። ኢማን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ቁመቷ የሰሚራ ነው። ኑሪያ ሁለት እጇን ዘርግታ ጠጋ ስትል ልጅቷ አንድ እጇን ሰጠቻት። «እንኳን ደህና መጡ አክስቴ» አለቻት። በአማርኛ። ቤታቸው ውስጥ አማርኛ ለእንግዳ ነው የሚነገረው። ከዚያ ፊቷን ወደ አጎቷ ሚስት አዞረችና በገዛ ቋንቋቸው የሆነ ነገር ነገረቻት፤ «አይ» ብላ ጠርታት ሳቀች። ኑሪያ የተዘረጋውን እጇን ሰብስባ ሻሿን አስተካከለች።

ስንመለስ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ወጣ። አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ኑሪያ ወደ እኔ ዞረች።

«እንዳትቀየሚያት አስቱ» አለችኝ። «ተፈጥሮዋ ነው። ከልጅነቷም ቀዝቀዝ ያለች ነበረች።»

ከልጅነቷም! ያቺ የመኪና መስኮት እየደበደበች «አይ! አይ!» ስትል የሄደች ልጅ! ኑሪያ የኢማንን ፊት መንሣት በፍቅር ልትሸፍነው ብላ ያገኘችው ቃል የእኔው ቃል ነበር። ደሜ ፈላ። «ተፈጥሮዋ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ኑሪያ ደንግጣ አየችኝ። «ታዲያ ምንድነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር የጠየቀችኝ። በዚያች ልጅ ላይ ምን እንደደረሰ ስንት ዓመት ሙሉ ለአላህ ስታቀርበው የኖረችው ጥያቄ ነው። እኔን ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። መልሱን ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቀውም።

«እንጃ» አልኳት።

እሷም «እንግዲህ አላህ ያውቃል» ብላ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና መንገዱን ማየት ቀጠለች። አሁንም ያጽናናችኝ እሷ ናት።

እና ይቅርታ እንድትጠይቁልኝ አይደለም የጻፍኩት። ፈሪ ነኝ፣ ከተፈጥሮዬ ነው ብላችሁም አትረዱልኝ። ተፈጥሮ የሚባለውን ሰበብ እኔ ብቻ ልጠቀምበት አልችልም። አው ዩሱፍ ቤቴ የመጡ ቀን አፌን ከፍቶ ያናገረኝ ተፈጥሮዬ አልነበረም፤ ሚኒባሱ ውስጥም አፌን የዘጋው ተፈጥሮዬ አይደለም። ሁለቱንም ጊዜ መርጬ ነው።

ኑሪያ፣ ይህን ይዤልሽ ሱቅሽ እመጣለሁ፤ ፊትሽ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ያን ካልኩሽ መልሰሽ እኔን ታጽናኚኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። የጠየቅሽኝን ብቻ ልመልስልሽ። ታዲያ ምንድነው ብለሽኝ ነበር።

እኔ ነኝ።